አርባ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር

ፎርድስበርግ፣ ጆሐንስበርግ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የደም ግፊትሽስ? ከዚያ ክፉ ሕመም የተረፈሽ ሳል ዛሬም እንዳልለቀቀሽ ፌቨን ነግራኛለችና ማሩን በሙቅ ውኃ መጠጣቱን አትተዪ። እኔ ዓይኔ ከመድከሙና የቤቴ ደረጃ በየወሩ አንድ የሚጨምር ከመምሰሉ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከእኔ ቤት እስከ ቤዝ ቫሊ፣ እስከ አንቺ ግቢ፣ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ሰላምታዬን ግን ባሕር ማዶ እንዳለ ሰው በወረቀት እልክልሻለሁ። ምርጫው የእኔ አልነበረም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቀን አልጻፍሽበትም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ደብዳቤ ላይ ቀን ይጻፋል ስልሽ ኖሬ፣ በሰባ ዓመትሽም አልጻፍሽም። ልጅሽ ፌቨን ከበሬ ላይ ቆማ፣ ከማስኳ ውስጥ ሆና፣ «አክስቴ፣ ሶሪ፣ እኔ ፖስታ ቤት ብቻ ነኝ» አለችኝና ሳትቀመጥ ወረደች። ወረቀቱን በላስቲክ ከባልሽ የሬዲዮ አንቴና ዘንግ ጋር አስረሽ ነው የላክሽልኝ። ከመኪናው ጣራ ላይ አስነቅለሻት ማለት ነው። ዘንጓን መስኮቱ ላይ አጋድሜ ወረቀቱን አነበብኩ። አራት መስመር ናት፤ አራቱንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

«በአንዲት ሽቦ ሁለት ትዳር ይዞ ኖሯል፤ እኔን ታች፣ አንቺን ላይ። ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ፤ አንቺ ስለ ከለከልሽኝ አልመለስኩለትም። የመጨረሻ ቃሉን የወሰድሽው አንቺ ነሽና መልሽልኝ። ካልመለስሽልኝ ለሙት ዓመቱ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ከሥሩ ስም እንኳን የለውም።

እመልስልሻለሁ። የምመልስልሽ ግን እንደለመድኩት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል። ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትሮጪ።

በመጀመሪያ ሽቦ አይደለችም። የናስ ዘንግ ናት፤ ርዝመቷም አርባ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነው። በየካቲት 2012፣ አገሩ በኮሮና ከመዘጋቱ በፊት፣ እዚህ ከቤቴ ሥር ካለው የብየዳ ዕቃ ሱቅ ገዝቼ፣ በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ ጫፏን በሞረድ አለስልሼ፣ ከማግኔቱ መቀመጫ ጋር ያያያዝኳት እኔ ነኝ። ባልሽ ለገሠ በዚያ ሰሞን ከኢንተርኔት ያዘዘው፣ ወገቡ ላይ እንደ ምንጭ የተጠመዘዘ፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ አንቴና ነበረው። ለሁለት ባንድ፣ ለሁለት የሞገድ መደብ፣ የተሠራ ነው ብሎ ሲኮራበት ሰንብቶ፣ ወደ ግቢ ሲገባ የመኪና ማቆሚያችሁ ቆርቆሮ ሰበረው። እኔ ደግሞ ሁለት ባንድ ለመሥራት ያን ሁሉ ብረት መሸከም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መቁጠር ነው አልኩት።

አሁንም ለአንቺ እቆጥርልሻለሁ። ሁለት ሜትር የምንለው ሞገድ ርዝመቱ እንደ ስሙ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሩቡን ወስደሽ ትንሽ ስትቀንሺለት አርባ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰባ ሴንቲ የምንለው ሌላው ሞገድ በሦስት እጥፍ ያጠረ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሩብ የሆነችው ዘንግ ለሁለተኛው ሦስት ሩብ ትሆናለች፤ ሁለቱም ይቀበሏታል። ከጣራው ላይ አትወርድ፣ አትቀየር፤ ሬዲዮው ላይ አንድ ማዞሪያ ማዞር ብቻ ነው። ሁለት ሜትሩን «ታች»፣ ሰባ ሴንቲውን «ላይ» ያልነው እኔና ለገሠ ነን፤ ለአፍ ስለሚቀል።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት በግቢሽ ውስጥ፣ በአንቺ ፊት ነው። አንሶላ እያሰጣሽ ነበር። «ይህች ቀጫጫ ሁለቱንም ትችላለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትችላለች አልኩሽ። «እንዴ፣ እንደ ወንዶች ናታ!» ብለሽ የልብስ መቆንጠጫው ከአፍሽ እስኪወድቅ ድረስ ሳቅሽ። ለገሠም ሳቀ። የዚያን ቀን ቀልድ ነው ዛሬ ክስ አድርገሽ የጻፍሽልኝ። ተደብቆ የተሠራ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ያን ቀን አልነገርኩሽም። ዘንጓ ጉድለት አላት። ታች ስትሠራ ድምፁን ወደ አድማስ፣ ሰው ወዳለበት ትልከዋለች። ላይ ስትሠራ አብዛኛውን ወደ ሰማይ ታነሣዋለች፤ ለሰው የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። የተቆረጠችው ለታችኛው ነዋ። ላይኛውን የምታገለግለው ስለ ተመቸ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር። ስለ ለገሠና ስለ እኔ የምታውቂው በሬዲዮ ማሠልጠኛው አብረን መማራችንን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠናል። ከአርባ ተማሪ ሴቶቹ ሦስት ነበርን። መምህራችን የሞርስ ምልክት የሳተውን ጣት በማስመሪያ ይመታ ነበር። የለገሠ ጣት በየቀኑ ይመታል፤ የእኔ አንድ ቀንም አልተመታም። ሞገድን በሩብ በሩብ መቁጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደብተሬን ሊዋስ ወደ ቤታችን መጣ። በሩን የከፈትሽለት አንቺ ነሽ። አሥራ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ፀጉርሽን ታጥበሽ ገና አልደረቀም።

ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ አስቀድሞ ለአባታችን ደብዳቤ መጻፍ ፈለገ። የእጁ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት መሆኑን ያውቃልና እኔን ለመነኝ። ጻፍኩለት። እንዳታውቁብኝ ፊደሉን ሁሉ ወደ ግራ አጋደልኩት። ያ በመስታወት አስገጥመሽ ከሳሎንሽ የሰቀልሽው፣ ለእንግዳ ሁሉ «የባለቤቴ ጽሕፈት እንዴት ያምር ነበር» እያልሽ የምታሳዪው ደብዳቤ የእኔ እጅ ነው። ሃምሳ ዓመት አልነገርኩሽም። ዛሬም የምነግርሽ አንቺ ስለ ዕውነት ስለ ጠየቅሽኝ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ ግን «እኅቴ» አለኝ። አዲስ አበባም እኅቴ፣ እዚህ አገር መጥተንም እኅቴ። በሬዲዮ እንኳን ሕጉ የሚያዘውን የጣቢያዬን መለያ ይጠራና «እኅቴ» ይላል። አንድም ቀን ተሳስቶ ስሜን አልጠራም። ጨዋ ሰው ነበር።

መጋቢት 18 አገሩ ተዘጋ። ወታደር በፎርድስበርግ መንገድ ላይ ሲቆም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ፣ እኔም አንቺም ያየነው በየመስኮታችን ነው። ያን ጊዜ ነው ትንሿን የእጅ ሬዲዮ የላክሁልሽ፤ ታችን ብቻ እንድትቀበል ያዘጋጀኋት፣ እንድትሰሚባት ብቻ ብዬ። ከኩሽናሽ መስኮት ላይ አስቀመጥሻት። ለገሠ ጠዋት ጠዋት በግቢያችሁ ከቆመው መኪና ውስጥ ገብቶ፣ እንደ እኛ ፈቃድ ካላቸው የሬዲዮ ሰዎች ጋር ሲነጋገር ሁለት ጊዜ ትሰሚው ነበር፤ አንድ ጊዜ በመስኮቱ፣ አንድ ጊዜ በሬዲዮዋ። «ሁለት ባል አለኝ» ብለሽ ፌቨንን ታስቂያት ነበር አሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዱንም ለመስማት በረንዳዬ ላይ ምሰሶ አቆምኩ። ከምድር ቤቱ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው አብዱልሀፊዝ ሱቁ ተዘግቶበት ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «እማማ፣ መንግሥት ሁሉን ሲዘጋ የእርስዎን አፍ ረሳው» ይለኝ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ይቀልዳል ብዬ አለፍኩት።

ሦስተኛው ነገር የትንሿ ሬዲዮ የመናገሪያ ቁልፍ ናት። ይህን የምጽፈው ሳልወድ ነው።

የግንቦቱን ጠዋት አልረሳሽውም። አሥራ አንድ ጣቢያ ተሰብስቦ፣ አንድ ሰማንያ ያለፈው የፕሪቶሪያ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ስለ ባትሪ ሲያስረዳ፣ በመሐል የአንቺ ድምፅ ገባ፦ «ለገሠ! ሽሮው ቀዘቀዘ፣ ና ግባ!» ሽማግሌው ሽሮ የሚባለው ጣቢያ የት እንደሚገኝ በትሕትና ጠየቀ። ለገሠ ሲነግራቸው ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ለገሠ ነው፤ ማይኩን ለቆ መሪውን እየደበደበ እንደ ሳቀ በኋላ ነግሮኛል። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሁሉ እየሰማ በአማርኛ፣ «ፈቃድ የሌለው ሰው ቁልፍ አይነካም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አልኩሽ። ቋንቋውን ባያውቁም ሳቁ ቆመ። የተናገርኩበት ድምፅ ለማንም ግልጽ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያችን ቁልፍ አልነካሽም። ሬዲዮዋን ለመወልወል ስታነሺያት እንኳን ቁልፏ ባለበት ጎን እንደማትይዣት ለገሠ አዝኖ ነገረኝ። እኔ ሥርዓት ገባ ብዬ ደስ አለኝ። ልንገርሽ፦ ያው ሕግ አንድ አንቀጽ አለው። ነፍስ ስትጨነቅ ፈቃድ ያለውም የሌለውም፣ ያገኘውን ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል፤ ማንም አይጠይቀውም። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ክልከላውን አስተማርኩሽ፤ ይህንን አላስተማርኩሽም። ስለዚህ ስለ ቁልፉ የጻፍሽው ልክ ነው። ከአራቱ መስመሮችሽ ስሕተት ያላገኘሁበት እርሱ ነው።

አሁን «አንቺን ላይ» ወዳልሽው ልምጣ።

በሰኔ አንድ ጠዋት፣ ሁሉም ተሰናብቶ ሲያበቃ፣ ለገሠ «እኅቴ፣ ወደ ላይ» አለኝ። ማዞሪያዬን አዞርኩ። ላይ ማንም የለም፤ የአንቺም ሬዲዮ አትሰማውም። እዚያ ሆኖ፣ ሐኪም ልቡ ከሚገባት ሥራ ግማሹን ብቻ እንደምትሠራ እንደ ነገረው አወራኝ። ለአንቺና ለፌቨን እንዳልናገር በአባታችን ስም አስማለኝ። ማልሁለት። በመማሌ ትናደጂብኝ ይሆናል፤ እኔም በራሴ ተናድጃለሁ፤ ግን መሐላ ነው።

ከዚያ ቀን አንሥቶ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ላይ ወጥተናል። መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ጉዳዩ ተጽፎበታል። ጉዳዩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጅ ሳለሽ ስትታመሚ እናታችን ምን ታበላሽ ነበር? መብረቅ ስትፈሪ የማን አልጋ ውስጥ ትገቢ ነበር? የእኔ ውስጥ፤ ነገርኩት። የባንኩን ማሽን እንዳትጠረጥሪ አድርጎ እንዴት ያለማምድሽ? እርሱ ባይኖር የውኃውን ቧንቧ መዝጊያ የት እንዳለ ታስታውሺያለሽ? ከመዝሙረ ዳዊት የትኛውን ነበር የምትወጂው? አንድ ቀን ደግሞ፣ «ብቻዋን ማደር የምትችል ይመስልሻል?» አለኝ። «እኔ ሃምሳ ዓመት ብቻዬን አድሬአለሁ፤ ይቻላል» አልኩት። የሄደ መስሎኝ ልዘጋ ስል፣ «አንቺማ ብርቱ ነሽ» አለኝ።

ብርቱ ነሽ። በሰው አገር በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ዳቦ የሚያመጣልኝ ከሌለ የማልበላበት ጊዜ ነበር። ልብስ ማጠቢያዬ ተበላሽቶ በእጄ አጥባለሁ። ባሌ፣ ልጄ፣ በበሬ የሚያልፍ ሰው የለኝም። በመቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ውስጥ «አንቺስ?» አላለኝም። ሰላምታው አልጎደለም፤ ደኅና አደርሽ ይላል፣ ደኅና ነኝ እላለሁ፣ ከዚያ ስለ አንቺ እንጀምራለን።

ሁለት ትዳር አልሽ። ትዳሩስ አንድ ነበር፤ በሁለት ባንድ ያዘው እንጂ። ታች ለአንቺ ይናገራል፤ ላይ ስለ አንቺ ይናገራል። እኔ በሁለቱም አዳማጭ ነበርኩ።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ልብሽ ሞልቶ ወደ ስልክ እንዳትሮጪ። ገና አልጨረስኩም።

ጥር 6 ቀን 2013። ሁለታችሁም በትኩሳት ከተኛችሁ አራተኛ ቀናችሁ ነበር። መብራት በሎድ ሼዲንግ ፈረቃ ጠፍቶ፣ የሠፈራችሁ የስልክ ማማም አብሮ ሞቶ ነበር። የለገሠ ትንፋሽ ሲያጥር ፌቨን ወደ መኪናው ደግፋ አስገባችው። አንቺ መነሣት አልቻልሽም፤ ብትነሺም ሆስፒታሉ አያስገባሽም ነበር። ኩሽናው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ሬዲዮዋ መስኮቱ ላይ ናት።

ፌቨን የኦብዘርቫቶሪን ዳገት ወጥታ ከአናቱ ላይ ቆመች። አልጋ እንዳለ ሳትጠይቅ መሄድ ፈርታ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከመኪናው ወርዳ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደች። ለገሠ ብቻውን ቀረ። ስልክ ይዛ ዞር ስትል ማይኩን አፉ ላይ ይዞ አየችው። ማስኩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። «አክስቴ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም፤ መስኮቱ ተዘግቷል» ብላ ነግራኛለች። ስትመለስ ማይኩ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበሉት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በቱቦ መሐል እንዳለ አረፈ። ከዚያ ዳገት ወዲህ ማንንም አላናገረም።

ለቅሶው ላይ ሃምሳ ሰው ብቻ ተፈቅዶ፣ ወንበሩ ሁሉ ተራርቆ ተደርድሮ፣ ከአጥሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በሰው ፊት፣ «ላይ ወጥቶ ምን አለሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ተነሥቼ፣ ልክ እንደ መምህር፣ ዘንጓ «ላይ» ስትሠራ ድምፁን ወደ ሰማይ እንደምታነሣው፣ ስለዚህ ቃሉ እንዳልደረሰኝ አስረዳሁ። «ወደ ሰማይ» ስል አንድ ሁለት ሴቶች አለቀሱ። አስተባብሎ የሚጠይቀኝ ዕውቀት ያለው ሰው አልነበረም። ዕውቀት የነበረው ሰው ተቀብሯል።

እኅቴ፣ ዋሽቻለሁ።

ስለ ዘንጓ የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2012፣ መንቀሳቀስ ሲፈቀድ፣ ለገሠን በየቦታው እየላክሁ ላይ ሆኖ እንዲጠራኝ አድርጌ ነበር፤ ዘንጓ ከየት እስከ የት እንደምትደርስ ለማወቅ። ከግቢያችሁ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ከድልድዩ ሥር የለም። ከዳገቱ አናት ግን፣ ፌቨን ከቆመችባት ከዚያችው ቦታ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል። በመዝገቤ ላይ ከአምስት አምስት ሰጥቼዋለሁ። እኔ ለማንም እንዲሁ አምስት እንደማልሰጥ ታውቂያለሽ።

እንግዲያስ ለምን አልደረሰኝም? ላይ ስላልነበርኩ።

ስለ ምን እንዳልነበርኩ ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ወረቀት፣ «ደግሞ ስለ እርሷ ሊነግረኝ ነው» ብዬ መረረኝ አልኩ። ደግሜ ሳነበው ዕውነት ስላልመሰለኝ ቀደድኩት። በሁለተኛው የጻፍኩትን አልነግርሽም፤ እርሱንም ቀድጄዋለሁ። ያስተማሩን ሰዎች፣ በመዝገብ ላይ የሰማኸውንና ያደረግኸውን እንጂ ያሰብኸውን አትጽፍም ይሉ ነበር። ደግሞም ከመዝገብ ላይ ገጽ አይቀደድም ይሉ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ዛሬ አፍርሼ፣ የዚያን ቀን ገጽ ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አኑሬልሻለሁ። ዓይንሽ ጽሕፈቴን ካልለየ እንዲህ ይላል፦

«ጥር 6 ቀን 2013። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40። ታች። የለገሠ ጣቢያ፣ ከመኪና። ድምፁ ደካማ፤ ቃሉ ግልጽ። ባለቤቱን በቤት ስሟ ሦስት ጊዜ ጠራ። መልስ የለም።

8 ሰዓት ከ42። ታች። ስሜን ጠራ። አንድ ጊዜ። ‹ወደ ላይ ነይ› አለ። አልመለስኩም፤ አልወጣሁም።

8 ሰዓት ከ49። ላይ። ምንም የለም።»

አንድ ፊደል አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ሰባቱን ደቂቃ ማዞሪያው ላይ እጄን ጭኜ ተቀምጬ ነበር። መልሽልኝ ያልሽው ቃል እኔ ዘንድ የለም። አንቺ ቁልፉን አልተጫንሽም፤ እኔ ማዞሪያውን አላዞርኩም። አንቺን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። እኔን የከለከለኝ የለም።

ለሙት ዓመቱ አልመጣም፤ ደጅሽን እንዳልረግጥ ስላዘዝሽ ብቻ አይደለም። ዘንጓን ግን መልሼ እልክልሻለሁ። ትናንት ለካኋት፤ ጫፏ ጥቂት ጎብጧል እንጂ አሁንም አርባ ዘጠኝ ናት። ፌቨን ጣራው ላይ መልሳ ታስቀምጣት፤ መኪናውን ብትሸጡትም አብራው ትሂድ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጥር ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ፣ ታች ላይ እሆናለሁ። ትንሿን ሬዲዮ ካልጣልሻት ከማታው ኃይል ሙያት። ቁልፏ በግራ በኩል ናት፤ ተጭነሽ ጥቂት ቆይተሽ ተናገሪ። ፈቃድ አልጠይቅሽም። ተሳደቢ፤ ሽሮው ቀዘቀዘም በዪ። አሥራ አንዱ ጣቢያ ቢሰማ ይስማ። እመልስልሻለሁ። ካልጠራሽኝም መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፌ፣ ከጎኑ «ጥሪ የለም» እላለሁ፤ አልቀየምሽም፤ ለመቀየም የቀረኝ መብት ያንስብኛል።

መጪው ጥር የክረምት ያህል የሚዘንብበት ወር ነው፤ በእናንተ ሠፈር መብረቁ ይበረታል። ከአሁን በኋላ መብረቅ በጣለበት ሌሊት ሁሉ አልጋሽ አጠገብ ፈጣሪ ይደርልሽ። የለገሠን ነፍስ በጻድቃን መካከል ያኑርልን። ፌቨንን ያሳድግልሽ፣ ለወግ ያብቃልሽ። ሳልሽን ያርቅልሽ። ለመልስሽ፣ ከጻፍሽ፣ ቀን ጻፊበት።

ታላቅ እኅትሽ